ሣር ተጭኖ አይመጣም፤ ይዘራል!



ይህን ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ስንለጥፍ ማንንም ለማስቀየም አስበን አይደለም። የሚቀየም ካለ ግን ከመቀየሙ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብብልን። ነገሩ የጓሮ ነገር ነው። «ጓሮዬ የግሌ ነው፤ ማኅበሩን ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል እንዳለ እናውቃለን፤ በስብሰባም ላይ በግልጽ ተብሏል። ልክ ነው፤ ጓሮው የግልዎ ነው። ከጓሮው ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው ውኃ ግን የማን ነው? እስከ አሁን ባለቤት ነኝ ያለ አልተገኘም።

ሰፈራችን ተዳፋት ላይ መሆኑ ለማንም አይነገርም። በ2017 ዓ.ም. በቡሄ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የጣለውን ዝናብ ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን አይረሱትም። ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ዝናብ ነው። አራት ቤት ውኃ ገባ። ፍራሽ ራሰ፣ ምንጣፍ ተበላሸ፣ አንዲት እናታችን ለሙልሙል ያስፈጩት ዱቄት እርሾ ሳይነካው ከነጆንያው ቦካ። እኛም ባልዲና መጥረጊያ ይዘን ወርደን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስንጨልፍ አመሸን። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ቦዩ ጠቦ ነው» አለ። ቦዩ እኮ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመትም ይኸው ቦይ ነበር! አልሰፋም፣ አልጠበበም። የተለወጠው ከላይ ያለው ጓሮ ነው። ያን ጊዜ ከየቤቱ ጀርባ ጎመን ነበር፣ ጌሾ ነበር፣ የኮክ ዛፍ ነበር፣ በመካከሉ ደግሞ ማንም ያልዘራው ሰርዶ ነበር። ዛሬ በላይኛው መንገድ ከሲሚንቶ የተረፈ ጓሮ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ከባድ ሒሳብ አይደለም፤ ልጆቻችሁን ብትጠይቁም ይሠሩታል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ በአንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡ ብርቅ አይደለም። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር ሲሚንቶ ያለበት አንድ ግቢ በዚያ ቀን 2,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ይህም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አሥር ጊዜ ሞልቶ ማለት ነው። ሲሚንቶ ስለማይጠጣ ያንኑ ያህል ወደ ታች ይልከዋል። አሥር እንዲህ ያሉ ግቢዎች በአንድ መስመር ላይ ሲሰለፉ 100 በርሜል ይሆናል። አንድ ሰው 100 በርሜል ውኃ አምጥቶ በጎረቤቱ በር ላይ ቢደፋ ፖሊስ ይጠራበት ነበር። በሲሚንቶ በኩል ሲሆን ግን «ግቢው እንዴት ጸዳ!» ይባልለታል።

ይህን ስንል ሣር ውኃውን ሁሉ ይጠጣል ብለን ለማታለል አይደለም። የጣራው ውኃ አለ፣ የመንገዱ ውኃ አለ። አፈሩም ከጠገበ በኋላ ሣር ቢኖረውም ይተፋል። ነገር ግን ሥር የሰደደበት አፈር ውኃውን ያዘገየዋል፤ ከፊሉን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ የቀረውንም ጭቃ ሳይሆን ውኃ አድርጎ ይለቀዋል። ታች ላለው ቤት በግማሽ ሰዓት የሚመጣ ጎርፍና በሦስት ሰዓት የሚመጣ ፍሳሽ አንድ አይደሉም። ቦዩም እኮ አቅሙ የሚያንሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደፋበት ነው።

ጎመን ወይም ድንች ወይም ጌሾ የሚተክለውን ሰው በዚህ ጽሑፍ አንነካውም። እንዲያውም ይባረክ! ጎመን ከሣር ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለንም። የእኛ ጥያቄ ስለ ተረፈው ቦታ ነው፤ ልብስ ስለሚሰጣበት፣ ልጆች ስለሚሯሯጡበት፣ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን ስለሚተከልበት። ይኸ ቦታ ሲሚንቶ ካልለበሰ ቤቱ የተዋረደ የሚመስለው ሰው በዝቷል። ለመሆኑ ሲሚንቶ የክብር ምልክት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በእኛ አገር እኮ እንግዳ የሚከበረው ሣር ተጎዝጉዞለት ነው!

ባለፈው ዓመት ከጎርፉ በኋላ ይህንኑ በስብሰባ ስናነሣ አንዳንዶች «እሺ፣ እኛም ሣር እናድርግ» አሉ። ደስ አለን። ደስታችን ግን ሳምንት አልቆየም። አንዱ ጎረቤታችን ከገበያ የላስቲክ ሣር በጥቅል ገዝቶ መጣና በሲሚንቶው ላይ ዘረጋው። «ይኸው አረንጓዴ ሆነ» አለን። አረንጓዴስ ሆነ። በጥቅምት ፀሐይ ግን በባዶ እግር አያስረግጥም፤ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶም ያው ሲሚንቶ ነው፤ ውኃውን እንደ በፊቱ ይልካል፤ አሁን እንዲያውም ከላስቲኩ የተነጨውን ፀጉር ጨምሮ ይልካል። የሚያስቀው ደግሞ በዓል ሲመጣ እዚያው የላስቲክ ሣር ላይ ቄጤማ በብር ተገዝቶ ተጎዘጎዘበት! በሣር ላይ ሣር፤ አንዱም ግን ከዚያ ግቢ አልበቀለም።

ሌሎቹ ደግሞ የተሻሉ መስለውን ነበር። እውነተኛ ሣር በመኪና አስጭነው አመጡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት መንገዶች ዳር ሣሩ ተነጥፎ ስናይ፣ ትናንት አፈር የነበረው ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ፣ ሁላችንም ትዕግሥት አጣን። «በካሬ ይህን ያህል ብር» ብሎ የሚያመጣ ሰው ሲገኝ ማን ሦስት ወር ይጠብቃል? ጠዋት ተራገፈ፣ ከሰዓት ተነጠፈ፣ ማታ ቡና ተፈላበት።

ታዲያ ሣሩ ከየት መጣ? ይህን የጠየቀ የለም። እኛ የጫነውን ልጅ ጠየቅነው፤ ሳይደብቅ ነገረን። ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንዝ ዳርና ከግጦሽ መስክ ነው የተገፈፈው፤ እንደ በግ ቆዳ። ሣሩ ብቻውን አይመጣም፤ ሥሩን የያዘው ለም አፈር አብሮ ይነሣል። ሁለት ጣት ተኩል የማይሞላ፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ቢነሣ እንኳ ለ40 ካሬ ሜትር ጓሮ አንድ ሙሉ ሜትር ኩብ አፈር ነው። ያ አፈር ተመልሶ የሚፈጠረው በእኛ ዕድሜ አይደለም፤ በልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ አይደለም። የወንዙ ዳር ራቁቱን ቀርቶ በሚቀጥለው ክረምት ይናዳል፤ የዚያ መስክ ከብት የሚግጠው ያጣል። እንግዲህ የእኛን ጎርፍ ለማስቆም ብለን የሌላ ሰው ጎርፍ እያመጣን ነው ማለት ነው። በገዛ መሬቱ ዘርቶ፣ አሳድጎ፣ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ካለ ሥራው ነውና አንቃወመውም። ግን ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መግዛት ነውር ነው እንላለን።

ነውሩ ይቅርና ለገዢውም አልጠቀመ። ያ በመኪና የመጣው ሣር በታኅሣሥ ምን መሰለ? ሄዳችሁ እዩት። ከሥሩ ያለው መሬት አልተቆፈረም፤ የግንባታ ጠጠርና የሲሚንቶ ትራፊ ነበረበት። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ላዩ ላይ ተኛ እንጂ ሥር አልሰደደም። ጥቅምትን በውኃ ጎማ ቆየ፤ ኅዳር ላይ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ሆነ፤ ታኅሣሥ ላይ በጥቅሉ ብድግ አለ። ልጆች እያነሡ ለጨዋታ ዳስ ሠሩበት።

«ስለዚህ ምን ይሻላል?» ካላችሁ መልሳችን አንድ ነው፤ ዘር። ዘር ዝሩ! እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችሁ እንደምትስቁ እናውቃለን። «ማኅበሩ ራሱ ዘርቶ አላበቀለም» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አንክደውም። የእኛን ውድቀት እኛው ራሳችን ብንጽፈው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ጨምሮበታልና።

በ2016 ዓ.ም. ከዕድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ያለውን የጋራ ቦታ ሣር ለማልበስ ተነሣን። የዘራነው በሐምሌ አጋማሽ ነበር። «ዝናብ አለ፣ ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም» አልን፤ ብልጥ የሆንን መስሎን! መሬቱን በዶማ ጫር ጫር አደረግነው፤ ተዳፋት መሆኑን እያየን አላስተካከልነውም፤ ዘሩን እንደ ዶሮ ጥሬ በተን፤ ምንም ሳናለብሰው ሄድን። በሦስተኛው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ዘሩ፣ ፍጉ፣ የተቆፈረው አፈር ሁሉ ተጠራርጎ ቦይ ገባ። በነሐሴ መጨረሻ ቦያችን በከተማው አምሮ የተገኘ ቦይ ነበር፤ ግራና ቀኙ ለምለም ሣር! የጋራው ቦታ ግን ራቁቱን ቀረ። የተዋጣው ገንዘብ የማኅበሩ ነበርና ይቅርታ ጠይቀናል፤ አሁንም እንጠይቃለን። ነገር ግን ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። ዘሩማ ቦይ ውስጥም ቢሆን በቅሏል። ጥፋቱ የእኛ የዘሪዎቹ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግመን ሞከርን፤ ዛሬ ድንኳን የሚተከልበትና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ያ ነው። ምን ለወጥን? ከሁሉ በፊት ጊዜውን። በግንቦት የመጨረሻው ሳምንት ዘራን። ያን ጊዜ መሬቱ ሞቃት ነው፤ በቀስታ በባልዲ ይጠጣል፤ ኃይለኛው ዝናብ በሐምሌ ሲመጣ ሣሩ አፈሩን ጨብጦ ይጠብቀዋል። ግንቦት ያመለጠው ሰው ሐምሌን ትቶ ዝናቡ እየቀለለ ሲሄድ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ቢዘራ ይሻላል፤ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ፀሐይም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቅምትን ሙሉ ማጠጣት እንዳለበት ይወቅ።

ሁለተኛው መሬቱ ነው፤ ከሥራው ሁሉ የሚበዛውም ይኸ ነው። ዘር መበተን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ መሬት ማዘጋጀት ግን ለሦስት እሑድ አድክሞናል። የቤት ግንባታ የነበረበት ጓሮ ከላይ አፈር ቢመስልም በውስጡ ብሎኬት፣ ሚስማር፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የላስቲክ ከረጢት ሞልቶበታል። ይህ ሁሉ እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ መለቀም አለበት። እኛ ከዚያች ትንሽ ቦታ ስምንት ጆንያ ፍርስራሽ አውጥተናል። ቀዩ አፈር ያለበት ቦታ ደኅና ነው። ዋልካው ያለበት ግን ሲረጥብ ሙጫ፣ ሲደርቅ ስንጥቅ ነውና አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። ትኩስ ፍግ እንዳታደርጉ! ቡቃያውን ያቃጥላል፤ የሙጃውንም ዘር አብሮ ያመጣል። ከዘሩ ጋር ዩሪያ የሚበትኑም አሉ፤ እሱም እንደዚያው ነው።

ተዳፋት የሆነውን ቦታ ደግሞ እንደ ገበሬው እርከን አበጀንለት። በየሁለት ሜትሩ የድንጋይ ወይም የእንጨት መስመር አግድም መዘርጋት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ውኃው በአንድ ትንፋሽ እንዳይወርድ ያደርገዋል።

ከተቆፈረ በኋላ መሬቱ ይደለደላል፤ ከዚያም ይረገጣል። አዎ፣ ይረገጣል! ይህን ስንናገር ብዙ ሰው «ቆፍረን ስናበቃ መልሰን እንረግጠዋለን እንዴ?» ይለናል። የጤፍ ገበሬ የሚሠራውን አይቶ የማያውቅ ከተሜ ነው እንዲህ የሚል። ጤፍ ራሱ እኮ የሣር ወገን ነው፤ ዘሩም ከሣር ዘር ጋር የሚቀራረብ ደቃቅ ነው። ገበሬው እርሻውን አለስልሶ ሲያበቃ ከብት ነድቶ ያስረግጠዋል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ይዘራል። ለምን? አፈሩ ከለሰለሰ ደቃቁ ዘር ጠልቆ ይቀበራል፤ ጥልቅ የተቀበረ ደቃቅ ዘር ደግሞ ብርሃን ሳያይ ይሞታል። ይህን ዕውቀት ከአገራችን ገበሬ ወስደን ነው በሁለተኛው ዓመት የተሳካልን፤ ከፓኬት ጀርባ አንብበን አይደለም። ከብት ስለሌለን የሰፈሩን ልጆች በአንድ መስመር አሰልፈን ዘፈን እያዘፈንን አስረገጥን። እግር ሲያርፍበት ከጣት ውፍረት በላይ ካልሰመጠ በቃ።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። ገበያ ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ነው፤ ሻጩም ሁሉንም «የፈረንጅ ሣር» ብሎ ይሸጣል። ስሙን ጠይቁ፣ ፓኬቱን አንብቡ። ራይግራስ የሚሉት ፈጥኖ ይበቅላል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን። ፌስኪዩ የሚባለው ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ሁለቱም ደጋ ይስማማቸዋል፤ በካሬ ሜትር 35 ግራም ያህል ይበቃቸዋል። ሰርዶ የራሳችን ነው፤ የማያውቀው የለም። ድርቅ ይችላል፣ ቢረገጥ አይሞትም፤ ዘሩ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ በካሬ ሜትር 10 ግራም አይሞላውም። ለመብቀልም ሙቀት ይፈልጋል፤ እስከ ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። በሐምሌ ጉም ሰርዶ ዘርቶ «አልበቀለም» ማለት በሰርዶ ላይ መፍረድ ነው።

በመኪና ተጭኖ የመጣውና ሁሉም «የውጭ ሣር» የሚለው ኪኩዩ ደግሞ ውጭ አገር አይቶም አያውቅ! ስሙ ከኬንያ ሕዝብ የተወሰደ ቢሆንም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሁሉ፣ የኢትዮጵያም ጭምር፣ አገሩ ነው። በሳይንስ ስሙ ላይ «የተደበቀ» የሚል ቃል አለበት፤ አበባው በቅጠሉ መካከል ተሸሽጎ ስለሚያፈራ ነው። ዘሩን ለቅሞ ማግኘት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። ጠንካራ ሣር ነው፤ ያለ ልክ ጠንካራ ነው። የጎመን መደብ ያለው ሰው ኪኩዩ ከመዝራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ፤ በመሬት ውስጥ ሄዶ መደቡን ይወርሳል፤ ከዚያም በአጥሩ ሥር አልፎ የጎረቤትን። ከጎረቤት ጋር የሚያጣላ ነገር እንዳይበዛ ብለን ነው ይህን ሁሉ የምንጽፈው፤ ሌላ ጠብ እንዳንጨምር።

ዘሩ የቆየ ወይም የሞተ እንዳይሆን ደግሞ ከመዝራት በፊት መሞከር ይቻላል። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አኑሩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዩት። በቀኑ ገልጣችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። ሰባና ሰማንያ ከበቀለ ዝሩት። ሃያ ከበቀለ ለሻጩ መልሱለት፤ ጨርቁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ምስክር ነው። እናቶቻችን ብቅል ሲያበቅሉ የሚያደርጉት ያው ነው፤ አዲስ ጥበብ አይደለም።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉና ሁለት ቦታ ክፈሉት። ግማሹን ከቤቱ ወደ አጥሩ እየሄዳችሁ፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ በትኑ፤ ያን ጊዜ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ መላጣ አይሆንም። በሬክ ቀለል አድርጋችሁ አላብሱት፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይለፍ። እንደገና ይረገጥ። በላዩ የጤፍ ጭድ ሳሳ ተደርጎ ይበተን፤ አፈሩ በመካከሉ መታየት አለበት። ርግብና ዶሮ እንዳይጨርሱት ክር ወጥሮ የላስቲክ ቁራጭ ማንጠልጠል ይረዳል። ዶሮ ያላችሁ ጎረቤቶች እባካችሁ ለሦስት ሳምንት እሰሩልን፤ ባለፈው ዓመት የአንድ አውራ ዶሮ ነገር ሽማግሌ አስቀምጦናል።

«ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሣር ማጠጣት ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብድ ነውና በቸልታ አናልፈውም። ለ40 ካሬ ሜትር ጓሮ፣ በካሬ ሜትር በቀን 3 ሊትር ቢታሰብ፣ 120 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ስድስት። ይህም ለሁለት ለሦስት ሳምንት። ቀላል ነው አንልም። ግን ዝናብ የጣለበት ቀን አይጠጣም፤ የግንቦት መጨረሻ የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ሥራውን ይረከባችኋል። ከጣራ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ወይም በሮቶ መያዝም አለ። ልብስ ያለቀለቁበት የመጨረሻው ውኃም፣ ብዙ ሳሙና ከሌለው፣ ሥር ለሰደደ ሣር ይሆናል፤ ለቡቃያ ግን አይሁን። ሌላም እንጨምር፤ ሲሚንቶ የለበሰውን ግቢ በየቅዳሜው በውኃ ጎማ የሚያጥበው ማን ነው? ያ ውኃስ ከፈረቃው ውጪ ነው እንዴ የሚመጣው?

የሚጠጣውም በቀዳዳ ባልዲ፣ በቀስታ፣ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ነው። በጎማ ደፍቆ ማጠጣት እኛን በሐምሌ የገጠመንን ጎርፍ በገዛ እጅ መሥራት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ የሚጎድለንም እሱው ነው። አንድ ጎረቤታችን ሰርዶ ዘርቶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተናደደና ዶማ አንሥቶ ገለበጠው። እኛ ስንደርስ አፈሩን በእጃችን ፈተፈትነው፤ ነጭ ክር የመሰለ ሥር ሞልቶበታል! በሦስት ቀን ውስጥ ብቅ ይል የነበረ ነው። ያን ቀን ባለቤቱ የተናገሩትን እዚህ አንጽፈውም። ቡቃያው ሲወጣም መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ፀጉር ሳሳ ብሎ ነው የሚታየው፤ በመካከሉ ሙጃው ቀድሞ ይረዝማል። አትደንግጡ፤ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ ሙጃውን በእጅ ንቀሉት። ሣሩ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ፣ በተሳለ ማጭድ፣ ቁረጡት። የደነዘ ማጭድ ቡቃያውን ከነሥሩ ይመዘዋል። የሚቆረጥ ሣር ወደ ጎን ይሰፋል፤ ያልተቆረጠ ሽቅብ ሄዶ ይወድቃል። ሁለት ወር እስኪሞላውም ማንም አይርገጠው፤ ድንኳንም አይተከልበት። ለቅሶ ቀን ስለማይጠብቅ የጋራውን ቦታ በዚያ ጊዜ መጠቀም የማይቻል ከሆነ ዕድሩ በመንገዱ ላይ እንዲተክል ተስማምተናል።

«ሣር እባብ ያመጣል» ላሉን፤ እባብ የሚደበቀው በረዘመ ሣርና በተከመረ ብሎኬት ውስጥ ነው፤ ሁለቱም በባለ ሲሚንቶዎቹ ግቢ ጥግ አሉ። «ትንኝ ያመጣል» ላሉንም፤ ትንኝ የሚራባው በቆመ ውኃ ነው፤ በተጣለ ጎማና በተከፈተ በርሜል። በርሜሉን ክደኑ። «ሣር የሀብታም ነው» የሚለውን ግን ሳንናደድ መመለስ አልቻልንም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሰፈር ሀብታም ማን ነበር? ሣር ያልነበረበት ጓሮስ የማን ነበር?

ሲሚንቶውን ሁሉ ስበሩ አንልም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ እናውቃለን። በዝቅተኛው ጥግ፣ ውኃው በሚወጣበት በኩል፣ ሁለት ሜትር በአምስት ሜትር ያህል እንኳ ተፈልፍሎ ለሣር ቢለቀቅ እንጠግባለን። አዲስ ሊያለብስ የተዘጋጀ ሰው ግን፣ አሸዋ ያራገፈውን ጎረቤታችንን ጨምሮ፣ እጁን እንዲሰበስብ በማኅበሩ ስም እንጠይቃለን። አሸዋውን ለዘሩ መቀላቀያ ከፈለገ ሰው እንልካለን፤ የሚገዛውም አይጠፋም።

ማሳሰቢያ፦ የጋራ ዘር ግዢ ስለሚደረግ የጓሮውን ስፋት በካሬ ሜትር ለክቶ እስከ ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ሁለት ሬክ፣ ሦስት ዶማና አንድ ቀዳዳ ባልዲ በዕቃ ቤቱ አሉ፤ በፊርማ ይሰጣሉ፤ አንድ ቤት ከሁለት ቀን በላይ አያቆያቸው። ባለፈው ዓመት የተወሰደው ሦስተኛው ሬክ እስካሁን አልተመለሰም፤ የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል። ፍርስራሽ ማንሻ ጆንያ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይምጣ።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ